የሰቀልነውን እሴት አመራሩ ራሱ እንዲኖርበት ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ የአስተዳደር ሰው (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዋና ቢሮው ጅማ ከተማ የሆነ፣ በአጋሮና በሊሙ በኩል የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ያሉት አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የአስተዳደርና የሰው ኃይል ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። ድርጅቱ ከአርሶ አደሩ እሸት ቡና ይገዛል፣ ይፈለፍላል፣ ያጥባል፣ አድርቆም ለውጭ ገበያ ያዘጋጃል። ባለፈው ዓመት ባለቤቱ አማካሪ ቀጥረው ራዕያችን፣ ተልዕኳችንና እሴቶቻችን እንዲጻፉ አደረጉ። ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ መከባበርና ጥራት የሚሉት አራት እሴቶች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ታትመው በየቢሮው፣ በየመጋዘኑ፣ ሌላው ቀርቶ እሸት ቡና በሚመዘንበት ዳስ ውስጥ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅለዋል።

ከአንደኛው ጣቢያ የግዢ ኃላፊ ጋር የተያያዘው ጉዳይ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሰውየው የባለቤቱ የቅርብ ዘመድ ነው። ሲመዝን ከሙሉ ኪሎ በላይ የምትተርፈውን ሁሉ ወደ ታች ያወርዳል፤ ለጆንያ ብሎ የሚቀንሰውም ከጆንያው ክብደት በላይ ነው። አርሶ አደሩ ይህን ያውቃል። ሆኖም እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ስለሚበላሽ፣ በመሸ ሰዓት ጭኖ ሌላ ጣቢያ ፍለጋ ሊዞር አይችልምና እያጉረመረመ ይቀበላል። በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ቡና አስገብቷል ተብሎ በምርጥ ሠራተኝነት የተሸለመው ይኸው ሰው ነው። ጉዳዩን በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ያነሳችው ወጣት የሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ በዚያው ስብሰባ ላይ ተገሥጻ ብዙም ሳይቆይ ራቅ ወዳለ ጣቢያ ተዛወረች። የዝውውር ደብዳቤዋ ምክንያቱን «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» ይላል።

ባለቤቱ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። ሠራተኛ ሲታመም ከኪሳቸው ያሳክማሉ፣ ለቅሶ ቤት አይቀሩም፤ ታማኝነት የሚለውን እሴት የመረጡትም ራሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ሰሌዳውን መቀለጃ አድርጎታል። ከመጋዘን ጆንያ የጎደለ እንደሆነ «ታማኝነት በላው» ይባላል። የድርጅት መሪዎች በጽሑፍ ያወጁትን ባህል በተግባር እንዲኖሩበት የሚያደርግ፣ በሌላ ቦታ ተሞክሮ የሠራ መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ብታካፍሉኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

መልስ፦ የድሮ ቡና ገዢ (አጋሮ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬን በቡና ግዢ ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ሰሌዳውን ለጊዜው ተወውና ሽልማቱን ተመልከት እላለሁ። ለግዢ ኃላፊ የምትከፍለው በኪሎ ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ድርጅቱ የሚፈልገው ኪሎ መሆኑን ነግረኸዋል፤ በግድግዳ ላይ የጻፍከው ሌላ ቢሆን የሚሰማው የመጀመሪያውን ነው። ሰውየው በራሱ ዓይን የታዘዘውን የፈጸመ ታዛዥ ሠራተኛ ነው፤ ሽልማቱም ይህንኑ አረጋግጦለታል።

ነገሩን ለባለቤቱ በሂሳብ ብታስረዳቸው ይሻላል። ከአንድ ጆንያ ላይ ግማሽ ኪሎ ቢነሳ ከመቶ ጆንያ ሃምሳ ኪሎ እሸት ይገኛል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ የዚያ ሁሉ ስርቆት ትርፍ ወደ ስምንት ኪሎ ቡና ብቻ ነው። አርሶ አደሩስ ዝም ብሎ የሚቀር ይመስላችኋል? ሚዛን ላይ እንደሚበላ ያወቀ ሰው ቀዩን ብቻ ለይቶ የሚለቅምበት ምክንያት የለውም፤ አረንጓዴውንና ከዛፉ ላይ የደረቀውን ቀላቅሎ ያመጣል፣ አንዳንዱም ጆንያውን ውኃ ያርከፈክፍበታል። ያልበሰለ ፍሬ መፈልፈያው ውስጥ ገብቶ ልጣጩ በወጉ ስለማይለቅ፣ የተቀላቀለበት ሎት (አብሮ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የቡና ክምችት) በሙሉ በቅምሻ ደረጃው ይወርዳል። ለስምንት ኪሎ ተብሎ የስንት ኩንታል ዋጋ እንደሚቀንስ ባለቤቱ ራሳቸው ያሰሉት። ታማኝነት ከሚዛኑ ላይ ሲጠፋ ጥራትም ከጆንያው ውስጥ አብሮ ይወጣል፤ ሁለቱን እሴቶች ጎን ለጎን የጻፈው አማካሪ ይህን አስቦት እንደሆነ እንጃ።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። በጣቢያው ዳስ መግቢያ ላይ አርሶ አደሩ ራሱ አስቀድሞ የሚመዝንበት ሁለተኛ ሚዛን ይቀመጥ። ደረሰኙ ጠቅላላውን ክብደት፣ ለጆንያ የተቀነሰውንና የተጣራውን ለየብቻ ያሳይ። የግዢ ኃላፊው የዓመት ጉርሻም ከኪሎው በተጨማሪ ተመልሰው በመጡ አርሶ አደሮች ቁጥርና በቡናው የቅምሻ ደረጃ ይለካ። ባለቤቱ ደግሞ የቡናው ወቅት በደራበት በኅዳር፣ አስቀድመው ሳይናገሩ፣ በመሸ ሰዓት ከሚዛኑ አጠገብ ይቁሙ። በበኩሌ ከስንት ስብሰባ ይልቅ ይህን አምናለሁ።

መልስ፦ የማኔጅመንት መምህር (ጅማ)

የቀደሙት ጸሐፊ የተናገሩት በዘርፉ ጥናት ከሚባለው ጋር ይገጥማል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የድርጅት ባህልን ለረጅም ዘመን ያጠኑት ኤድጋር ሻይን ባህልን በሦስት ንብርብር ይከፍሉታል። አንደኛው ለዓይን የሚታየው ነው፤ ሕንጻው፣ አለባበሱና ሰሌዳው። ሁለተኛው ድርጅቱ «አምንበታለሁ» ብሎ የሚያውጀው እሴት ነው። ሦስተኛው ማንም ሳይናገረው ሁሉም የሚሠራበት ሥር የሰደደ እምነት ነው። ሠራተኛ ሦስተኛውን የሚማረው ከሥልጠና ሳይሆን መሪው በየዕለቱ ምን እንደሚጠይቅና እንደሚለካ፣ ችግር ሲፈጠር እንዴት እንደሚሆን፣ ማንን እንደሚሾምና ማንን እንደሚያሰናብት በማየት ነው። በእናንተ ጣቢያ ሦስተኛው እምነት «ብዙ ያስገባ አይነካም፣ የተናገረ ይነካል» የሚል ይመስላል፤ ይህንንም የጻፈው ሽልማቱና የዝውውር ደብዳቤው ነው።

ከውጭ አገር ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ የገጠመውን ላንሳ። ባንኩ ስለ ራዕዩና እሴቱ ያሳተመው መጽሔት ደንበኛን ማስቀደምንና ሥነ ምግባርን አጥብቆ ይሰብክ ነበር፤ ከቅርንጫፍ ሠራተኞቹ ግን ለአንድ ቤተሰብ ስምንት ያህል አገልግሎት እንዲሸጡ ይጠብቅ ነበር። ሠራተኛው ኮታውን ለመሙላት ሲል ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሂሳብ ይከፍት ጀመር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ያለ ፈቃድ ሳይከፈቱ አልቀሩም የተባሉት ሂሳቦች ቁጥር መጀመሪያ 2 ሚሊዮን፣ በኋላ በተደረገው ማጣራት ደግሞ 3.5 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ወደ 5,300 የሚሆኑ ሠራተኞች ተሰናብተው ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ኮታውን ያወጡት ሳይሆኑ ኮታው የተጫነባቸው የበታች ሠራተኞች ናቸው። ዋና ሥራ አስኪያጁ የለቀቁት በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው።

ለጠያቂያችን የበለጠ የሚጠቅመው ከዚያ የተከተለው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር፣ አጠራጣሪ አሠራሮችን በማመልከቱ ከሥራ የተባረረ አንድ የባንኩ ኃላፊ ወደ ሥራው እንዲመለስና 5.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈለው አዘዘ። ማለትም ችግሩን ከውስጥ ያየና የተናገረ ሰው ነበር፤ ድርጅቱ ግን መልእክቱን በመስማት ፈንታ መልእክተኛውን አባረረ። የእናንተ የሂሳብ ሠራተኛ ያለችበትን ቦታ በዚህ ዓይን ብታዩት መልካም ነው።

በሌላ በኩል ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ የመድኃኒትና የጤና ምርቶች ኩባንያ ዛሬም ድረስ የሚነገርለት ታሪክ አለው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1943 የጻፈው የእምነት መግለጫ ከሁሉ በፊት ለሐኪሞች፣ ለእናቶችና ምርቶቹን ለሚጠቀሙ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት፣ ባለአክሲዮኖች የመጨረሻ እንደሆኑ ይናገራል። በኋላ ሊቀመንበር የሆኑት ጄምስ በርክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከፍተኛ ኃላፊዎችን ሰብስበው ይህን መግለጫ የማንኖርበት ከሆነ ከግድግዳው እናውርደው ብለው አከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 በቺካጎ አካባቢ አንድ ወንጀለኛ ታይሌኖል በተባለው የሕመም ማስታገሻ እንክብል ውስጥ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ጨምሮ ሰባት ሰዎች ሲሞቱ፣ ኩባንያው ጥፋቱ የእሱ ባይሆንም 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይም አጣ። ያ ክርክር አስቀድሞ ባይደረግ ኖሮ ውሳኔው ያን ያህል ይፈጥን ነበር ብዬ አላምንም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ባለቤቱና የጣቢያ ኃላፊዎቹ ተቀምጠው በእያንዳንዱ እሴት ሥር «ይህን ለመጠበቅ ስንል ምን ያህል ገንዘብ ለማጣት ዝግጁ ነን?» ብለው እንዲከራከሩ ነው። መልስ ያጡለትን እሴት ይሰርዙት።

መልስ፦ የቀድሞ የለቀማ ተቆጣጣሪ

የመምህሩን ጽሑፍ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ታሪኩ ሙሉ እንዲሆን፣ ያው ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በሕፃናት ፓውደሩ ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች ቀርበውበት፣ ታልክ ከተባለው ማዕድን የሚሠራውን ምርት እ.ኤ.አ. በ2020 ከአሜሪካና ከካናዳ ገበያ ማውጣቱም ይነገር። ኩባንያው ምርቱ ጉዳት የለውም ብሎ ቢከራከርም፣ አንድ ጊዜ በተደረገ መልካም ሥራ ለዘላለም መመስገን እንደማይቻል ያሳያል።

እኔ ለብዙ ዓመታት መጋዘን ውስጥ ከቡናው እንከን ያለበትን እየለዩ የሚለቅሙ ሴቶችን ስቆጣጠር ኖሬአለሁ፤ በጠያቂው ጽሑፍ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው «ከኪሳቸው ያሳክማሉ» በሚለው ላይ ነው። ይህ ደግነት ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ደግነትና ድርጅቱ የሚገባውን መክፈሉ ለየቅል ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ ሲሠራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው የሰዓት ደመወዙ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት ሩብ እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ትርፍ ሰዓቱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 መብለጥ የለበትም። መፈልፈያው በኅዳር እኩለ ሌሊት ድረስ እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። የዚያ ሌሊት ክፍያ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ተለይቶ ይታያል ወይስ «ለሻይ» ተብሎ በእጅ ይሰጣል? መከባበር የሚለውን እሴት እኔ የምፈትሸው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የምቆጣጠርበት መጋዘን ኃላፊ በዕድሜ እናቱ የሚሆኑ ሴቶችን በሩቁ እየጮኸ «አንቺ፣ ያቺ ጥግ ያለሽው» እያለ ይጠራ ነበር። የበላይ አለቃው አንድ ቀን ገብተው ሰሙት። በሰው ፊት አልተቆጡትም፤ ከሴቶቹ አንዷን በስሟ ላይ እማማ ጨምረው ጠርተው፣ የለቀመችውን ሰፌድ ተቀብለው እያዩ ስለ ቡናው ጠየቋት። በማግሥቱ ኃላፊው ስም እያጠና ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለዚህ ተብሎ ሰሌዳ ሲታተምም አላስታውስም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚዛኑንና የደረሰኙን ሐሳብ ወዲያውኑ መጀመር እንደምንችል ይሰማኛል፤ የትርፍ ሰዓቱን መዝገብም ከሂሳብ ክፍሉ ጋር ማየት ጀምሬአለሁ። ያልተፈታልኝ ነገር ባለቤቱን እንዴት እንደማናግራቸው ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ሥራም ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ የግዢ ኃላፊው ደግሞ የእህታቸው ልጅ ነው። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ሽማግሌ ልከን በዘመድ በኩል ይነገራቸው ይላሉ።

መልስ፦ የእድር ጸሐፊ (ቆጪ)

ሽማግሌ መላኩን አልደግፈውም። ሽማግሌ የሚላከው የተጣላን ለማስታረቅ ነው፤ እዚህ ደግሞ የተጣላ የለም። ሽማግሌ በገባ ቁጥር ጉዳዩ የአሠራር መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ክብር ይሆናል፤ ባለቤቱም ስለ ሚዛኑ መናገራቸውን ትተው ስለ እህታቸው ልጅ መከራከር ይጀምራሉ። ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ የሚለውን ተረት በልብህ ይዘህ አትግባ፤ ከገባህም ፊትህ ላይ ይነበባል።

ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ከቢሮ ሰዓት በፊት፣ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዘህ ግባ። የአጋሮው ወንድማችን የሠሩትን ስሌት በራሳችሁ ጣቢያ ደረሰኞች አስደግፈህ በአንድ ገጽ አቅርብ። ስም አትጥራ፤ ደረሰኙ ራሱ ይናገራል። «ጋሼ፣ ታማኝነት የሚለውን የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ እኛ ያቆምነው አሠራር ግን ቃልዎን እያስዋሸ ነው» ብትላቸው እውነትም ነው፣ ክብራቸውንም አይነካም። ያልከኝን ሰምቼ እንደተረዳሁት የሚያሳፍራቸው ነገር ሲነገራቸው ሳይሆን ሳይነገራቸው ሲቀር ነው።

የእህታቸውን ልጅ በተመለከተ ይባረር የሚል ምክር ብትሰጥ አይሆንም፤ የሚሆን ቢሆን እንኳ ፍትሐዊ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ሲሸለም የኖረው ሁላችሁም እያጨበጨባችሁለት ነው። ከሚዛኑ ይነሳ። ቡና የማሰባሰብ ችሎታ ካለው ከአርሶ አደሩ ጋር የሚያገናኘውን ሥራ ይያዝ፤ መዝኖ የሚከፍለውና ቡናውን የሚያመጣው ሰው ግን አንድ አይሁን። ከእንግዲህ ከሸራረፈም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ይጠየቅ። በየሰፈራችን ባለው እድር ዳኛው ራሱ ከቀብር ቢቀር ስሙ ተጠርቶ ቅጣቱን ይከፍላል፤ አባሉ የራሱን ቅጣት ሳያጉረመርም የሚከፍለው ያንን ስላየ ነው። ባለቤቱም በቅድሚያ ራሳቸው የሚጠየቁበትን አንድ ደንብ ያውጡ። ለምሳሌ ከእሳቸው ዘመድ የሆነ ሰው ሲቀጠርም ሆነ ሲሸለም ውሳኔው በሁለት ሌሎች ኃላፊዎች ይጽደቅ።

ይህ ሁሉ ግን ከመስከረም ማብቂያ በፊት መሆን አለበት። ጥቅምት ገብቶ እሸት መምጣት ከጀመረ በኋላ ስለ አሠራር የሚያወራ ሰው ጆሮ አያገኝም፤ የመኪና፣ የውኃና የጥሬ ገንዘብ ጭንቀት ሁሉንም ይውጠዋል።

መልስ፦ የቀድሞ የለቀማ ተቆጣጣሪ

በእድሩ ጸሐፊ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ለተዛወረችው የሂሳብ ሠራተኛ ግን ምን ይደረግላት የሚለውን ማንም አላነሳም። አዋጁ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይደነግጋል። ዝውውር ስንብት ባይሆንም ሠራተኛው ሁሉ የሚያየው እንደ ቅጣት ነውና፣ እሷ እዚያ እስካለች ድረስ ሁለተኛ ሚዛን ብታስቀምጡም ሚዛኑ ጎደለ ብሎ የሚናገር ሠራተኛ አታገኙም። በተገሠጸችበት ስብሰባ ላይ ባለቤቱ ራሳቸው ትክክል እንደነበረች ይናገሩላት።

ለባለቤቱ ከመንገርህ በፊት ግን ስልክ ደውለህ እሷን ጠይቃት። ምናልባት መመለስ አትፈልግም፤ አዲሱን ጣቢያ ለምዳ ወይም ሌላ ሥራ እያፈላለገች ይሆናል። መመለስ ካልፈለገች ደብዳቤው ከማኅደሯ ይውጣ፣ የደረጃ ዕድገቷም ባለችበት ይታይላት። እሷ ሳትጠየቅ ስለ እሷ ሁለተኛ ውሳኔ ቢተላለፍ ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም።